በምሳና በራት መካከል፦ ክብደት ለሚቀንስ ሰው የመክሰስ አያያዝ

ክብደት ለመቀነስ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጣጠረው በትሪ የሚቀርብለትን ምግብ ነው፤ እንጀራውን ከሁለት ወደ አንድ ያወርዳል፣ ከወጡ ላይ ቅቤውን ያስቀንሳል፣ ራቱንም ቀደም ብሎ ይበላል፤ ከአንድ ወር በኋላ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ለውጡ ከድካሙ ጋር የማይመጣጠን ሆኖ ያገኘዋል። የዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማንም ከምግብ በማይቆጥራቸው ነገሮች ላይ ነው፦ ከቡና ጋር በሚዘገነው ቆሎ፣ በየሲኒው በሚጨመረው ስኳር፣ በሥራ ቦታ ጠረጴዛ ላይ በሚከፈተው ብስኩት፣ ልጆች አስተርፈውት «እንዳይጣል» ተብሎ በሚቀመሰው ቁራሽ ዳቦ።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ካሎሪ ምግብ ለሰውነት የሚሰጠውን ኃይል የሚለካ መስፈሪያ ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ እንደ ተለመደው አጠራር ካሎሪ የተባለው ባለሙያዎች ኪሎ ካሎሪ የሚሉት ነው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ለመቀነስ ሰውነት በቀን ከሚያወጣው ኃይል በአማካይ 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ መመገብ ያስፈልጋል። አሁን አንድ ሰው በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ሲኒ ጠጥቶ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጨምር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ስለሚመዝን የጨመረው 24 ግራም፣ ማለትም 96 ካሎሪ ይሆናል። ጎን ለጎን 30 ግራም የገብስ ቆሎና 30 ግራም ለውዝ ቢበላ ገብሱ ወደ 110፣ ለውዙ ደግሞ ወደ 170 ካሎሪ ይይዛል። ድምሩ 376 ነው፤ ቀኑን ሙሉ በጥንቃቄ ሊጎድል ከታሰበው 500 ካሎሪ ሦስት አራተኛው አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ተመለሰ ማለት ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ ሳምቡሳም ሆነ ኬክ እንደሌለ አንባቢ ልብ ይሏል።

ከዚህ ተነሥቶ መክሰስ ጨርሶ ይቅር ማለት ግን ትክክል አይሆንም፤ ሰባት ሰዓት ተርቦ የቆየ ሰው ራት ላይ ያጠራቀመውን ሁሉ ያካክሳልና። መክሰስ እንደ አንድ አነስተኛ ማዕድ ተቆጥሮ ሰዓቱና ልኩ አስቀድሞ ሲወሰን ክብደት ለመቀነስ ያግዛል፤ ያለ ልክ በእጅ እየተዘገነ ሲበላ ግን ምግቡ የቱንም ያህል «ጤናማ» ቢባል ውጤቱን ያጠፋል። ቀጥሎ የተዘረዘሩት ደረጃዎች በዚህ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሦስት ቀን መመዝገብ

የመጀመሪያው ሥራ ምንም ሳይቀይሩ ያለውን ልማድ ማወቅ ነው። ለዚህም ትንሽ ደብተር ወይም የስልክ ማስታወሻ ይበቃል። ለሦስት ቀናት፣ ከእነዚህም አንዱ ቅዳሜ ወይም እሑድ ቢሆን ይመረጣል፣ ከዋናው ማዕድ ውጭ ወደ አፍ የገባው ሁሉ ይጻፋል፤ ሰዓቱ፣ ዓይነቱ፣ ግምታዊ መጠኑና በዚያ ሰዓት ሰውየው ምን ይሠራ እንደነበር አብረው ይመዘገባሉ። የመጨረሻው ነጥብ ትርፍ ቢመስልም ዋናው እሱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚቀምሰው ሲርበው ሳይሆን ወጥ ሲሠራ፣ ቴሌቪዥን ሲያይ፣ ሥራ ሲሰለቸው ወይም ሌላ ሰው ሲበላ ስላየ መሆኑን የሚረዳው ከዚህ ዓምድ ነው።

በዚህ ደረጃ የሚታወቁ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው ማታ ቁጭ ብሎ የቀኑን ሁሉ ከትዝታ ለመጻፍ መሞከር ሲሆን፣ ቅምሻ ደግሞ በቶሎ የሚረሳ ነገር ስለሆነ መዝገቡ ጎዶሎ ይሆናል። ሁለተኛው መዝገቡ እንዲያምር ሲባል በእነዚያ ቀናት ብቻ ቁጥብ መሆን ነው፤ እንዲህ ያለ መዝገብ ለማንም አይጠቅምም።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱን መወሰን

መክሰስ የሚያስፈልገው በሁለት ማዕዶች መካከል ያለው ጊዜ ሲረዝም ነው። በ6 ሰዓት ተኩል ምሳ በልቶ ማታ 2 ሰዓት ራት የሚበላ ሰው ከሰባት ሰዓት በላይ ባዶ ሆዱን ስለሚቆይ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ የሚበላ መክሰስ ይገባዋል። በ1 ሰዓት ተኩል ቁርሱን በልቶ በ6 ሰዓት ምሳ የሚያገኝ ሰው ግን የረፋድ መክሰስ የሚያሻው እምብዛም ነው፤ የ4 ሰዓቱ ማኪያቶና ቦንቦሊኖ ከረሃብ ይልቅ የልማድና የወሬ ጉዳይ ነውና።

ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት መብላት ሰውነት ኃይል የሚያቃጥልበትን ፍጥነት ይጨምራል የሚል አስተያየት በሰፊው ይነገራል። ለውጥ የሚያመጣው ግን የቀኑ ጠቅላላ ድምር ስለሆነ፣ ሳይርበው «እሳቱ እንዳይጠፋ» ብሎ የሚበላ ሰው በድምሩ ላይ ከመጨመር በስተቀር የሚያተርፈው ነገር የለም። ስለዚህ ለአብዛኛው ጎልማሳ በቀን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት መክሰስ በቂ ነው። ሰዓቱ አንዴ ከተወሰነ በኋላ ከዚያ ውጭ የሚመጣው የመብላት ፍላጎት በውኃ ወይም ስኳር በሌለው ሻይ ተሸኝቶ ሩብ ሰዓት ያህል ይጠበቃል፤ እውነተኛ ረሃብ ይቆያል፣ ምኞት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል።

ደረጃ 3፦ ድንበር ማበጀት

ለአንድ መክሰስ ከ150 እስከ 200 ካሎሪ መመደብ ለብዙው ሰው የሚመች ልክ ነው። ከዚህ በጣም ካነሰ እስከ ራት አያደርስም፤ ከዚህ ካለፈ ደግሞ መክሰስነቱ ቀርቶ አራተኛ ማዕድ ይሆናል። ይህ መጠን በቀኑ ጠቅላላ ድርሻ ውስጥ የሚታሰብ እንጂ ከላዩ ላይ የሚጨመር አይደለም፤ መክሰስ የጀመረ ሰው ከራቱ ላይ ጥቂት ካልቀነሰ የጨመረው ምግብ ነው።

ድንበሩን ለመጠበቅ ሁሉንም ምግብ በቃል ማጥናት አያስፈልግም፤ አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት ደግሞ 4 ካሎሪ እንደሚሰጥ፣ ውኃ ግን ምንም እንደማይሰጥ ማወቅ ብዙውን ነገር ያስረዳል። ዘይት የነካው ሁሉ ከባድ ነው፤ ውኃ ያዘለው ሁሉ ቀላል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ይዟል።

ደረጃ 4፦ ምግቡን መምረጥ

ጥሩ መክሰስ ሦስት ነገሮች ያሉት ነው። የመጀመሪያው ፕሮቲን፣ ማለትም ጡንቻን የሚገነባውና ከሌሎቹ የምግብ ክፍሎች ይልቅ የጥጋብን ስሜት የሚያቆየው ነው። ሁለተኛው አሰር ሲሆን፣ ይህም በእህል፣ በጥራጥሬ፣ በአትክልትና በፍራፍሬ ውስጥ ያለውና አንጀት የማይፈጨው ክፍል ነው። ሦስተኛው ውኃ ነው፤ ምግቡ ውስጥ ያለ ውኃ ካሎሪ ሳይጨምር ሆድን ይሞላልና። ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱን ያሟላ ምግብ ሰውን እስከ ራት ያደርሳል።

በዚህ መመዘኛ ከኢትዮጵያ ጓዳ ውስጥ ቀዳሚውን ስፍራ ሊይዝ የሚገባው ንፍሮ ነው፤ በከተማ የሐዘን ቤት ምግብ ተደርጎ መታየቱ ግን ያሳዝናል። ሽምብራ ሲቆላ ውኃውን ያጣል፣ ሲቀቀል ግን ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ 100 ግራም የሽምብራ ንፍሮ 165 ካሎሪ ገደማ ሲኖረው፣ በዚያው ካሎሪ የሚገኘው የሽምብራ ቆሎ 45 ግራም ያህል ብቻ ነው። እህሉ አንድ ነው፤ አንዱ ሳህን ይሞላል፣ ሌላው ከእፍኝ ብዙም አያልፍም። ከዚህም በላይ በ100 ግራም ንፍሮ ውስጥ 9 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 7 ግራም ገደማ አሰር ይገኛል። የስንዴና የባቄላ ንፍሮም፣ አሹቅም ከዚሁ ወገን ናቸው። ከጥራጥሬ መካከል ጥንቃቄ የሚሻው ጓያ ነው፤ ለረጅም ጊዜ በብዛት የሚበላው ሰው እግሩ ላይ የማይመለስ ሽባነት ሊያመጣበት ስለሚችል የዘወትር መክሰስ ሊሆን አይገባም።

ቆሎ ከዚህ ንጽጽር የተነሣ መጥፎ ምግብ ነው ማለት አይደለም። በቦርሳ ውስጥ የማይበላሽ፣ በመንገድ ላይ የሚያዝ፣ ከብስኩት ይልቅ አሰር የበዛበት ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ከምን ጋር መቀላቀሉ ነው፤ ለውዝና ሱፍ ከክብደታቸው ግማሽ የሚደርስ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚያንስ ቅባት ስላላቸው፣ የገብስ ቆሎ በ100 ግራም ከ400 ካሎሪ በታች ሲሆን ለውዝ ግን 570 ገደማ ይደርሳል። የገብሱ ድርሻ ሦስት እጅ፣ የለውዙ አንድ እጅ እንዲሆን ማደባለቅ ጣዕሙን ጠብቆ ካሎሪውን ይቀንሳል። በዘይት የተጠበሰና ስኳር የገባበት ዳቦ ቆሎ ግን በስሙ ቆሎ ይባል እንጂ በሥራው ከብስኩት ወገን ነው።

ቅቅል ድንች ክብደት በሚቀንሱ ሰዎች ዘንድ ያለ ፍርድ የተወገዘ ምግብ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ሱዛና ሆልትና ባልደረቦቿ 38 ምግቦችን እኩል 240 ካሎሪ በያዘ መጠን እያቀረቡ ተመጋቢዎቹ ለሁለት ሰዓት ምን ያህል ጠግበው እንደሚቆዩ ሲለኩ፣ ነጭ ዳቦ 100 ነጥብ ተሰጥቶት ሌሎቹ ከእሱ ጋር ሲነጻጸሩ፣ ቅቅል ድንች 323 አግኝቶ ከሁሉም በላይ ሆኗል። 150 ግራም የሚመዝን ቅቅል ድንች 130 ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ጥቂት ሚጥሚጣ ወይም ዳጣ ቢነካው ለመክሰስ ይበቃል። ያው ድንች በዘይት ከተጠበሰ ግን ይህ ሁሉ ምስጋና ይቀራል።

ከእንስሳት ተዋጽኦ አንድ ቅቅል እንቁላል 75 ካሎሪ ገደማና 6 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። አይብ የሚሠራው ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሆነ ስቡ አነስተኛ፣ ፕሮቲኑ ግን ጥሩ ነው፤ ከቲማተምና ከቃሪያ ጋር ሲሆን ከብዙ ውድ «የዳይት» ምግቦች ይልቃል፤ ቅቤ ተነጥሮ ከፈሰሰበት ግን የወጣለት ሁሉ ተመልሶ ገባ ማለት ነው። እርጎም ስኳር እስካልተጨመረበት ድረስ ጥሩ ምርጫ ሲሆን፣ 200 ሚሊ ሊትር ያህሉ 120 ካሎሪ ገደማ ነው።

ፍራፍሬን በተመለከተ ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ ሐብሐብና ዘይቱን ሳይጨነቁ የሚበሉ ናቸው። አንድ መካከለኛ ሙዝ 105 ካሎሪ ገደማ ስላለው በልክ ይበላል። አቮካዶ ግን ቅባቱ ለጤና የሚስማማ ቢሆንም በ100 ግራም 160 ካሎሪ ስለሚይዝ፣ ሩብ ወይም ግማሽ ፍሬ ይበቃል፤ አንድ ትልቅ ፍሬ ለመክሰስ ይበዛል። በሶም ከመልካሞቹ መካከል ነው፤ 30 ግራም የበሶ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ 110 ካሎሪ ገደማ ሲሆን፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ሲገባበት 60 ካሎሪ ያህል ይጨምራል። በቅቤ የሚታሸው ጭኮ ለመንገደኛና ለአራስ የተገባ ምግብ ነው፤ ለቢሮ ሠራተኛ የ10 ሰዓት መክሰስ አይሆንም።

ሳምቡሳ፣ ፓስቲና ቦንቦሊኖ የቀሩት ለመጨረሻ ነው። ሊጡ በሚጠበስበት ጊዜ የሚጠጣውን ዘይት ከውጭ አይቶ መገመት ስለማይቻል በየቀኑ የሚበሉ ሊሆኑ አይችሉም። ጨርሶ መከልከል ግን ብዙ ጊዜ የሚያበቃው በአንድ ቀን አራት ሳምቡሳ በመብላት ስለሆነ፣ በሳምንት አንድ ቀን ተወስኖ አንድ ሳምቡሳ በዚያ ቀን መክሰስ ቦታ ቢበላ የተሻለ ነው፤ ልብ ሊባል የሚገባው «በመክሰስ ቦታ» የሚለው ነው እንጂ «ከመክሰስ በኋላ» አይደለም።

ደረጃ 5፦ አስቀድሞ መመዘንና መከፋፈል

ለዚህ ደረጃ አነስተኛ የኩሽና ሚዛን፣ አንድ የተመረጠ የቡና ሲኒና ክዳን ያላቸው ጥቂት ትንንሽ ዕቃዎች ያስፈልጋሉ። ሲኒዎች መጠናቸው ስለሚለያይ በቤት ውስጥ ካለው አንዱ ተመርጦ ስንት ግራም ቆሎ እንደሚይዝ በሚዛን አንድ ጊዜ ይለካል፤ ከዚያ በኋላ ሚዛኑ በየቀኑ አያስፈልግም፣ ሲኒው ራሱ መስፈሪያ ሆኗልና። ሚዛን የሌለው ሰው ከሰፈር ሱቅ 100 ግራም አስመዝኖ በሲኒው ስንት ጊዜ እንደሚሞላ በመቁጠር ወደዚያው ውጤት ይደርሳል።

እሑድ ማታ የሳምንቱ ቆሎ በየቀኑ ድርሻ ተከፋፍሎ በዕቃዎቹ ውስጥ ይቀመጣል። ንፍሮም ለሁለትና ለሦስት ቀን የሚሆነው አንድ ላይ ተቀቅሎ፣ ውኃው ተጠንፍፎና ቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ግን ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ይቀቀል። የመከፋፈሉ ጥቅም ቀላል ነው፦ ከትልቅ ዕቃ የሚዘግን ሰው መቼ እንዳበቃ የሚያውቀው በስሜቱ ሲሆን፣ ከትንሽ ዕቃ የሚበላ ሰው ግን ዕቃው ባዶ ሲሆን ያውቃል። በዚሁ ምክንያት መክሰስ ቁጭ ተብሎ፣ ስልክና ቴሌቪዥን ሳይታይ ቢበላ ይመረጣል፤ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ የሚበላ ሰው ከልኩ ያልፋል።

ለውዝ ሲገዛና ሲቀመጥ ጥንቃቄ ያሻዋል። እርጥበት ያገኘው ለውዝ ሻጋታ ያበቅላል፤ ከሻጋታዎቹ አንዳንዶቹ ጉበትን የሚጎዳውን አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫሉ፣ መቁላትም መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ የተጨማደደ፣ ቀለሙ የተለወጠ ወይም ሲቀመስ የሚመር ፍሬ ተለቅሞ ይጣላል፤ የቀረውም በደረቅ ቦታ ይቀመጣል።

ደረጃ 6፦ የሚጠጣውን መቁጠር

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በፈሳሽ መልክ የሚገባ ስኳር ሆድን የሚሞላበት ኃይል አነስተኛ ስለሆነ፣ የጠጣ ሰው በቀጣዩ ማዕድ ላይ እምብዛም አይቀንስም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ወደ ምግብና መጠጥ የሚጨመር ስኳር፣ በማርና በጭማቂ ውስጥ ያለውም ተደምሮ፣ በቀን ከሚገኘው ኃይል ከ10 በመቶ እንዳያልፍ፣ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ እንደሚሆን አሳስቧል፤ 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 50 እና 25 ግራም ማለት ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም የሚበልጥ ስኳር ስላለው የተሻለውን ልክ ብቻውን ያልፋል።

የጭማቂ ቤት ስፕሪስ እንደ ጤና መጠጥ ስለሚታይ ከለስላሳው ይልቅ ያታልላል። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ 100 ግራም አቮካዶና 150 ግራም ማንጎ ቢኖር እንኳ፣ ስኳርና ቪምቶ ሳይጨመርበት 250 ካሎሪ ገደማ ይደርሳል። ይህን የሚጠጣ ሰው መክሰሱን በልቷልና ሌላ ምንም ሊጨምርበት አይገባም፤ ከዚያ ይልቅ ፍሬውን እንዳለ መብላት ለማኘክ ጊዜ ስለሚወስድ ይመረጣል።

በቡናና በሻይ ላይ ያለውን ስኳር በአንድ ቀን ማቋረጥ የሚችል ሰው ያቋርጥ፤ የማይችል ግን በየሳምንቱ ከየሲኒው ግማሽ ማንኪያ እየቀነሰ ይሂድ። ምላስ የለመደውን ጣፋጭነት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለሚረሳ፣ በሁለት ማንኪያ የጀመረ ሰው በአንድ ወር ገደማ ያለ ስኳር ሊጠጣ ይችላል። በስኳር ፋንታ ማር መጨመር መፍትሔ አይሆንም፤ ለሰውነት የክብደት ሒሳብ ማርም ስኳር ነው። ጤና አዳም ወይም ቀረፋ ግን ያለ ካሎሪ መዓዛ ስለሚሰጥ የስኳሩን መቅረት ያለሰልሳል።

ደረጃ 7፦ ለቡና ግብዣ፣ ለጾምና ለበዓል መዘጋጀት

ብቻውን ሆኖ ልኩን የሚጠብቅ ሰው በሰው ቤት ይሸነፋል፤ ምክንያቱም እምቢታ ባለቤቷን ማሳፈር ስለሚመስለውና «በሞቴ» የተባለበትን ነገር መመለስ ስለሚከብደው ነው። ይህን በክርክር ማሸነፍ አይቻልም፤ በዝግጅት ግን ይቻላል። ቡና የሚጠራበት ቀን ከታወቀ የዚያ ቀን መክሰስ ቡናው ጋር ይሁን፤ ማለትም ከቤት ሳይበላ ይኬዳል። ከቀረበው ላይ አንድ ጊዜ በእፍኝ ተዘግኖ በሲኒ ማስቀመጫ ወይም በሶፍት ላይ ይደረግና እሱ እየተቆረጠመ ሥነ ሥርዓቱ ያልቃል፤ እጁ ባዶ ያልሆነ እንግዳ ብዙም አይለመንም። ሦስቱንም ሲኒ መጠጣት ሳይቀር ስኳሩን ብቻ መተው ለባለቤቷም ክብር፣ ለእንግዳውም ጤና ይመቻል። ፈንዲሻ ከቀረበ ከቆሎው እሱ ይመረጥ፤ 25 ግራም ያህሉ ትልቅ ሳህን ይሞላል፣ ያለ ዘይትና ያለ ስኳር የፈነዳ ከሆነም 100 ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው።

ጾም በራሱ ክብደት ይቀንሳል ብሎ መተማመን ሌላው ስሕተት ነው። በኦርቶዶክስ ጾም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሲቀሩ በቦታቸው ዘይት፣ ዳቦና የጾም ኬክ የሚገቡ ከሆነ የቀኑ ድምር ሊጨምር ይችላል፤ «የጾም» የሚለው ቃል ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ መሆኑን እንጂ ቀላልነቱን አይናገርም። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የመጀመሪያው ምግቡ ምሳው ስለሆነ መክሰስ ብሎ የሚጨምረው አይኖርም፤ ቢያስፈልገው ራቱ ከመድረሱ በፊት ንፍሮ ወይም ጥቂት ለውዝ ፕሮቲኑን ይተካለታል። በረመዳን ደግሞ አደጋው የሚገኘው በኢፍጣር ሰዓት ነው፤ ሦስት ትንንሽ ቴምር፣ ውኃና ሾርባ ተወስዶ ጥቂት ከተቆየ በኋላ ወደ ዋናው ምግብ ቢገባ፣ ሳምቡሳውም አንድ ቢሆን ልኩ ሳይጣስ ጾሙ ይፈታል።

ለዋና በዓላት ግን ሥርዓት ማበጀት ከንቱ ነው። በፋሲካ፣ በዒድ ወይም በእንቁጣጣሽ ቀን ደብተር ይዞ መቁጠር ሰውንም በዓሉንም ያስከፋል፤ ክብደትን የሚወስነው በማግስቱና በሠልስቱ የሚበላው ትራፊ ነው።

ደረጃ 8፦ የእሽግ ምግብ ጽሑፍ ማንበብ

ይህ ደረጃ ከሱፐርማርኬት ለሚገዛ፣ በተለይም በውጭ አገር ለሚኖር አንባቢ ነው። በአሜሪካ እሽጎች ላይ ያለው የካሎሪ ቁጥር የአንድ ጊዜ ድርሻ ስለሚያመለክት፣ እሽጉ ሦስት ድርሻ ካለው ሙሉውን የበላ ሰው ቁጥሩን በሦስት ማባዛት አለበት፤ «የተጨመረ ስኳር» የሚለው መስመርም ለብቻው ተጽፎ ይገኛል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የ100 ግራም ዓምድ ስላለ ሁለት ምርቶችን ማነጻጸር ይቀላል። በእስራኤል ከ2020 ጀምሮ ስኳር፣ ሶዲየም ወይም የረጋ ስብ የበዛበት ምግብ ፊት ለፊቱ ላይ ቀይ ምልክት ስለሚደረግበት ቋንቋውን ገና ያልለመደ ሰው እንኳ ሊለይ ይችላል። «ተፈጥሯዊ»፣ «ኦርጋኒክ»፣ «ፊትነስ» የሚሉ ጽሑፎች ስለ ካሎሪ የሚናገሩት ነገር ስለሌለ አይነበቡ።

ደረጃ 9፦ በሳምንት መመዘንና ማስተካከል

ሚዛን ላይ የሚወጣው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቀን፣ ጠዋት ከሽንት ቤት በኋላና ምንም ሳይበላ ነው። በሰውነት ውስጥ ያለው ውኃ ብቻ ክብደትን በአንድና በሁለት ኪሎ ሊያወዛውዘው ስለሚችል፣ አንድ ሳምንት አይቶ መደሰትም ሆነ መከፋት አይገባም፤ የአራት ሳምንት አቅጣጫ ይታያል። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ እየቀነሰ ያለ ሰው ምንም አይቀይር። ካልቀነሰ ግን መጀመሪያ የሚመረመረው የሚጠጣው ስኳር ነው፤ ቀጥሎ በመክሰሱ ውስጥ ያለው ዘይትና ለውዝ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ዋናው ማዕድ ይኬዳል። በሌላ በኩል ማታ ማታ ራቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው መክሰሱ አንሶት ሊሆን ስለሚችል 50 ካሎሪ ያህል፣ ለምሳሌ ተጨማሪ 30 ግራም የሽምብራ ንፍሮ፣ መጨመር ከመቀነስ ይልቅ ሊጠቅመው ይችላል።

ይህ መመሪያ ለሁሉም አይደለም። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ በማደግ ላይ ያለ ልጅና ከምግብ ጋር የተያያዘ የሥነ ልቦና ችግር ያለበት ሰው ከባለሙያ ጋር ሳይመክሩ የምግብ መጠን ሊቀንሱ አይገባም። በተለይም ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ አንባቢ መክሰሱን ቢተው ወይም ሰዓቱን ቢያዛባ የደም ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊያስተው ስለሚችል፣ ከላይ ከተዘረዘሩት ደረጃዎች አንዱንም ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።